ወደ ውስጥ የሚከፈተው በር

ውድ እታለም፣

በታላቅ ሐዘን አስታውቅሻለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው እንዳልልሽ በሆድሽ ተኝተሻል፤ እንግዲህ ባለሽበት ጸንተሽ አድምጪኝ። በቤተሰባችን ታሪክ ደርሶ የማያውቅ ከባድ ነገር ደርሷል። የረጅም ዘመን አገልጋያችን፣ የልጅነትሽ ሠረገላ፣ የተከበሩት ጋሽ ሲጢጥ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ርቀው፣ በሰው አገር፣ በቁጥጥር ስር ውለዋል። ይህን በምጽፍበት ሰዓት በኮሌጅሽ ግቢ፣ በጥበቃዎች ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ የተሰበረ ዣንጥላና ጎማ ከሌለው ብስክሌት ጋር ታስረው ይገኛሉ።

አዎ፣ አሮጌው ተሽከርካሪ ወንበርሽ ነው። አዎ፣ ኮሌጅሽ ነው ያልኩት። አትጩኺ፣ የምታስታምምሽ አክስታችን ትደነግጣለች።

ይህን ሁሉ በስልክ ብትነግረኝ ምን አለበት ትያለሽ። ስልክሽን ከዘጋሽ ሰነበትሽ እኮ! በአክስታችን ስልክ ስደውል ደግሞ «ቁስሉ እስኪገጥም እንዳታስቋት ተብለናል» አለችኝና ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። በሐኪም ትእዛዝ የተከለከልኩ የመጀመሪያው ወንድም ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ ይህን ወረቀት የአባዬ የሥራ ባልደረባ፣ ያ ማስቲካ አኝኮ የማይጠግበው ሹፌር፣ ነገ በጠዋቱ ጉዞ ይዞልሽ ይመጣል። ከወረቀቱ ላይ ማስቲካ ካገኘሽ የእኔ አይደለም። ጥቁሩ ነገር ግን የእኔ ነው፤ ግሪስ ነው። የምጽፈው ጎሚስታው ውስጥ፣ የከባድ መኪና ጎማ ላይ ቁጢጥ ብዬ ነው። ፊደል ስገድፍ እንደ ልማድሽ በቀይ እንዳታሰምሪበት። ዘጠነኛ ክፍልን ከነዴስኩ ጥዬው የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከአንቺ ጋር በፊደል አልወዳደርም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ግማሹን ታውቂዋለሽ። አንቺ ግን የሰማሽው የእነ አባዬን ድምፅ ነው፤ እኔ ፊታቸውን አይቻለሁ።

አባዬ ኮሌጁን አይቶ የተመለሰ ዕለት ሎተሪ የወጣለት ሰው ይመስል ነበር። ኮፍያውን ሳያወልቅ ነው የደወለልሽ። «ልጄ፣ ሜዳ ነው! አንድ ደረጃ የለበትም! ልክ እንደ መዳፍ ነው የተደለደለው!»

አንቺም እንደ መርማሪ ቀስ ብለሽ ጀመርሽው። «የሽንት ቤቱ በርስ፣ አባዬ?»

«አለው።»

«ምን አለው?»

«በር አለዋ!»

«ስፋቱን ማለቴ ነው።»

«እኔን አስገብቶኛል።»

«ወደ ሬጅስትራሩ ቢሮ ሲገባስ? ደረጃ የለውም?»

«ምን ደረጃ አለው ብለሽ ነው፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ነገር ናት እንጂ።»

ከዚያ ዝም አልሽ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ዝምታሽን ሦስታችንም ሰማነው። ቆይተሽ፣ «አባዬ፣ በእግሩ የሄደ ሰው ያየው ለእኔ አይሆነኝም» አልሽ። «እኔ ደግሞ ከዚህ አልጋ ተነስቼ ሄጄ ማየት አልችልም። ሳላየው ደግሞ እገባለሁ ብዬ አልፈርምም። ዘንድሮ ይቅርብኝ።»

ኮሌጁ የሰጠሽ ጊዜ ደግሞ እስከ ዓርብ ነው። እስከ ዓርብ እገባለሁ ካላልሽ ምድር ቤት ያለው የዶርም ክፍልሽ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኛም እናውቃለን፣ ማንም ግን በስልኩ አልደገመውም።

አባዬን እንዳትቀየሚው። አልዋሸሽም። ሰባት ዓመትሽ ላይ እግርሽ ከከዳሽ ጀምሮ እኮ ደረጃ ባየ ቁጥር አንቺን ከነወንበርሽ አቅፎ ያልፋል። አውቶቡሱን ማርሽ ሲቀይር እጁን እንደማያይ ሁሉ ደረጃ ሲወጣም አያስተውለውም። ለእሱ ደረጃ ማለት አንቺን የሚያቅፍበት ቦታ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ሲዞር አብሮሽ ኮሌጅ የሚገባ ነው የመሰለው።

እማዬ ደግሞ «ይቅርብኝ» ስትዪ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች። ቃሉ የሐዘን ነበር፤ ፊቷ ግን አላዘነም። ከዚያ ፔዳሉን እንዴት አድርጋ ረገጠችው መሰለሽ! ያንን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

«ደስ አለሽ አይደል?» አልኳት።

«አፍህን ዝጋ አንተ ቁንጫ! ለዚያ ፈተና ብላ ከወንበር ሳትነሳ ከርማ አይደል ቁስሉ የወጣባት? እዚያ ሌሊት ሌሊት ማን ያገላብጣታል? አንተ ነህ የምታገላብጣት?»

ሳልበላ ከቤት ወጣሁ። እኔ፣ እታለም! ሳልበላ!

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ እምቢ አለኝ። እበላለሁ፣ ቆሜ ነው። ጎሚስታው ጋ ከጎማ ጋር ስታገል ልቤ እዚያ ስልክ ውስጥ ነው፣ እዚያ ዝም ያልሽበት ቦታ። አንድ ሰውዬ የፊት ጎማ ንፋልኝ ብሎኝ የኋላውን አስተንፍሼበት ሄደ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በእግሩ የሄደ ሰው ያየው የማይሆንሽ ከሆነ፣ በእግሩ ያልሄደ ሰው ይሂድልሻ! ጋሽ ሲጢጥን ከቁም ሣጥን ኋላ ጎትቼ አወጣኋቸው፤ የሸረሪት ድራቸውን ጠረግኩ፣ ግሪስ ቀባሁ፣ ጎማቸውን ለጠፍኩ። ቢሆንም ይጮኻሉ። አመላቸው ነው።

ለአለቃዬ አክስቴ ታማለች አልኩት።

«ያቺ ባለፈው ሞተች ያልከኝ?»

«የሷ እህት ናት።»

«ለቤተሰባችሁ አዘንኩ» ብሎ ፈቀደልኝ። አክስታችንን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ በደህና እያለች አንዴ ገደልኳት፣ አንዴ አሳመምኳት።

ቆይ፣ ደንበኛ መጣ።

መጣሁ። ሚስማር ነው። ሰውዬው ጎረቤቴ ነው የበተነብኝ ይላል፤ እኔን በጥርጣሬ እያየ። ይህችኛዋ ላይ እንኳ የለሁበትም።

የት ደረስኩ? አዎ። ኮሌጁ በር ፊት ለፊት አንድ ዛፍ አለ። ከሥሩ ወንበሩን ዘረጋሁ፣ ተቀመጥኩ፣ የግራና የቀኝ ጫማዬን ማሰሪያ አንድ ላይ ቋጠርኩት። ካልታሰርኩ ረስቼ እንደምነሳ ታውቂኛለሽ። ኪሴ ውስጥ የእማዬን የስፌት ሜትር ይዣለሁ። ለራሴም ማልኩ፤ ሁሉን አይቼ ሳልጨርስ ላልነሳ።

ጥበቃው ወፍራም ሰው ነው፤ ሪዙ ከራሱ ቀድሞ ነው የሚመጣው። «ወዴት ነው?» ሲል ሰማሁና አፌን ስከፍት ለካ የሚጠይቀው እኔን አይደለም። ከኋላዬ ሲያልፍ የነበረ፣ አይቼው የማላውቀውን ሰውዬ ነው። ሰውዬውም ቁልቁል አየኝና «እንጃ፣ ሬጅስትራር ይሆናላ» ብሎ መለሰለት። ሁለቱ ስለ እኔ ተስማምተው ጨረሱ። ጥበቃው ሳልጠይቀው መግፋት ጀመረ። «ጋሼ፣ ራሴ እችላለሁ» ስለው «አይዞህ» ይለኛል። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ያቁሙኝ» ስለው «አይዞህ፣ አይዞህ!» ምን ሆኜ ነው አይዞህ የሚለኝ? አንዲት ሴትዮ ደግሞ መጥታ ከቦርሳዋ ሙዝ አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። ስሜን አልጠየቀችኝም። በላሁት። እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ለመሆኑ አንቺ በዓመት ስንት ሙዝ ትበያለሽ? ለወንድምሽ አንድ እንኳ ይዘሽ አለመምጣትሽስ?

አባዬ «ሁለት ሦስት እርምጃ ነገር» ያላት ደረጃ ጋ ስንደርስ ጥበቃው አፏጨና አራት ጎረምሶች ከበቡኝ። ሳልዘጋጅ እንደ ጆንያ ብድግ። አንደኛው «ቀላል ነው» አለ፤ ክብደቴን መሆኑ ነው፤ ለጓደኛው ነው የሚነግረው። አየር ላይ ጋደል ስል አንዱ እጁ ሊያመልጠው እንደሆነ ታወቀኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰዎች ሲያነሱሽ ዓይንሽን የምትጨፍኚው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኔ ለካ እስከ ዛሬ «አውሮፕላኗ ተነሳች» እያልኩ ነው የምስቅብሽ።

ጥሩውንም ልንገርሽ፣ አድልቼ እንዳይመስልሽ። የቤተ መጻሕፍቱ መወጣጫ ልሙጥ ነው። ብቻዬን ወጣሁት፣ ብቻዬን ወረድኩት፣ ጥሞኝ ደግሜ ወጣሁት። ሁለተኛ ስወርድ እጄን ለቀቅ አድርጌው ስለነበር ጥበቃው ራሱን ይዞ «ኧረ ልጁ አለቀ!» ብሎ ጮኸ። ከታች ያለው አሸዋ ያቆምሻል፣ አትፍሪ። የምግብ ቤቱ መስኮት ግን ከፍ ያለ ነው። ከአስተናጋጇ የታየኝ ክርኗ ብቻ ነው። ቆንጆ ክርን ነው። የመማሪያ ክፍሎቹ ግማሾቹ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም።

ዶርሙ የሴቶች ነው፤ ዕረፍት ስለሆነ ከጽዳት ሠራተኞች በቀር ሰው የለበትም። ተቆጣጣሪዋ የሕንጻውን ቁልፍ በሙሉ በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትሄደው፤ ከሩቅ ትንቃጨላለች። በሆዴ «እትዬ ቁልፍ» አልኳት።

«ለእህቴ ነው፣ እትዬ። እሷም እንደኔው ነች» አልኳት።

ከንፈሯን መጠጠች። «ሁለታችሁም? ወይ የእናታችሁ ነገር!»

እማዬ ይህን ብትሰማ በዚያ በትልቁ መቀሷ ነው የምትከረክመኝ።

ክፍሉን ወደድኩልሽ። በሩ ያስገባል፣ ደፍ የለውም። መስኮቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ተቀምጠሽ ደጁ ይታይሻል፤ ፊት ለፊቱ የመረብ ኳስ ሜዳ ነው። ትምህርቱ እምቢ ካለሽ ባል አታጪም።

ቀጥሎ ሽንት ቤት። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። የበሩን ስፋት ለካሁ፤ ይበቃል። «እትዬ፣ አንዴ ልሞክረው» አልኳት። «ሞክር፣ ሞክር የኔ ልጅ» ብላ ለወጉ ዘወር አለች። ገባሁ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ወንበሩ ደግሞ ውስጥ ሆኖ መንገዱን ስለዘጋው በሩ አይገጥምም። ወደፊት ተጠጋሁ፣ ጉልበቴ ግድግዳ ነካ። ወደ ጎን ጠመዘዝኩት፣ ገፋሁት፣ ተሳደብኩ። በመጨረሻ በሩ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። እሰይ! ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ልወጣ እጀታውን ስስብ በሩ መጥቶ ከመንኮራኩሩ ጋር ተላተመ። ወደኋላ ልል ስል ሌላኛው መንኮራኩር ከመቀመጫው ሥር ተሰንቅሯል። ወደፊት የለም፣ ወደኋላ የለም።

«እትዬ!» አልኩ።

«በርታ የኔ ልጅ!» አለችኝ። ሌላ ነገር መስሏታል።

«ኧረ ተሰንቅሬ ነው!»

«ውይ በሞትኩት!» ብላ ሰው ልትጠራ ስትሮጥ ቁልፎቿ ኮሪደሩን ሙሉ ሲንቃጨሉ ሰማሁ። ከዚያ እነሱም ራቁ።

እታለም፣ እዚህ ጋ አልቀልድም። ብቀልድም አያምርብኝም።

መብራቱ የሚበራው ከውጭ ነው፤ ስለዚህ ጨለምለም ያለ ነው። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ይህንን ለእታለም ስነግራት አልኩ። ከዚያ እዚያው ሆነሽ አየሁሽ። እትዬ ቁልፍ ቤቷ የገባች ቀን ቢሆንስ? ሁሉም ክፍል የገባበት ሰዓት ቢሆንስ? ስልክሽን አልጋው ላይ ረስተሽው ቢሆንስ? ተጣርተሽ ተጣርተሽ ድምፅሽ ሲዘጋ፣ ያ ቁስል ደግሞ ከሥርሽ እየሞቀ፣ አንቺ እንደሆንሽ ኩሩ ነሽ፣ ሰው ሲመጣ እንኳ «ምንም አልሆንኩም» ነው የምትዪው። ላብ አጠመቀኝ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ በሕይወቴ አንድ ቦታ ተረጋግቼ አላውቅም፤ መሐላዬን እዚያው ተውኩት። ማሰሪያዬን ፈታሁ፣ ወንበሩ ላይ ቆምኩ፣ ከበሩ በላይ ባለው ክፍተት ተንጠላጥዬ ኮሪደሩ ላይ ዱብ አልኩ።

እኔ ዘለልኩት። አንቺ አትዘይውም። ቀኑን ሙሉ እንደ አንቺ ሆኜ የዋልኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በፈለግኩ ሰዓት የሚነሳ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለዋለ ምንም አያውቅም። ይህን ነው ልነግርሽ የፈለግኩት። አሁን ወደ ቀልዱ ልመለስ፣ አለበለዚያ ግሪሱ ላይ ሌላ እርጥበት ይጨመርበታል።

ሱሪዬን እያራገፍኩ ቀና ስል እትዬ ቁልፍ፣ ጥበቃውና ሁለት ጽዳት ሠራተኞች ከነመጥረጊያቸው ፊቴ ተገትረዋል። ከዚያ፦

«ቆመ!» አለች እትዬ ቁልፍ። «ሽንት ቤት ገብቶ ቆመ!»

እልልታው ቀለጠ። ጥበቃው ኮፍያውን አውልቆ ሲያለቅስ ሪዙ ራሰ። «ልጄ፣ እባክህ፣ ይችን ጉልበቴን ዳስስልኝ፤ ዓመት ሙሉ አላስተኛኝም» ብሎ እግሩን አቀረበልኝ። ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፌም ሊናገር ነበር። እጄ ግን በራሱ ጊዜ ሄዶ ጉልበቱን ነካው።

«ቀለለኝ!» አለ።

ምን ላድርግ? ቀለለው! አንዷ ጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ወገቧን ይዛ ወደዚያው ሽንት ቤት ልትገባ በሩን ትገፋ ጀመር። በሩ እምቢ አለ። ጋሽ ሲጢጥ ውስጥ ናቸዋ።

በዚህ መሐል የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዋ መጣች። አጭር ናት፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ እስክሪብቶዋ ጸጉሯ ውስጥ ነው። አልጮኸችም፣ አልተገረመችም። የተፈታውን የጫማ ማሰሪያዬን አየች። ከኪሴ የተንጠለጠለውን ሜትር አየች። ከዚያ፣ «ተከተለኝ» አለችኝ። «በእግርህ።»

ቢሮዋ ስንገባ በሩን ዘጋችና ቁጭ አለች። እኔን ተቀመጥ አላለችኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ መቀመጥ ሲያምረኝ!

«እህትህ የምትላትን ልጅ ስም አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ምድር ቤት ያለ ክፍል ይሰጠኝ ብላ አመልክታለች። ለመሆኑ እሷም ትነሳለች?»

ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። ያላየሽውን ክፍል ላይልሽ ሄጄ፣ ያገኘሽውን ክፍል ያስነጠቅኩሽ መሰለኝ። ያን መስኮት፣ ያን መረብ ኳስ ሜዳ፣ ሁሉን። ነገርኳት። አንድም አልቀለድኩም። አባዬን፣ ደረጃውን፣ ቁስሉን፣ እማዬን፣ ስልኩ ላይ ዝም ማለትሽን፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ያየሁትን፣ እየተንተባተብኩ ዘረገፍኩላት።

ስጨርስ፣ «ለምን ራሷ አልደወለችልኝም?» አለች።

«አልጋ ላይ ናት።»

«አፏም አልጋ ላይ ነው?»

ጎንበስ ብዬ የጫማ ማሰሪያዬን ማሰር ጀመርኩ።

«አባትየው መጣና ሁሉ ሜዳ ነው ብሎ ሄደ። ወንድምየው መጥቶ ተአምር ሠርቶ ሊሄድ ነው። ቀጥሎ እናትየዋን እጠብቃለሁ። የምትማረዋ ማናት?»

እታለም፣ ያ ጥበቃ በአናቴ ላይ ስለ እኔ ሲያወራ እንዴት እንዳንጨረጨረኝ ትዝ አለኝ። ለካ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሳልጠይቅሽ ስገፋሽ ነው የዋልኩት። አይዞሽ፣ አይዞሽ እያልኩ።

ቀስ ብዬ «በሩን ግን ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ አይቻልም?» አልኳት።

«ማጠፊያውን ገልብጦ መግጠም ነው። አናጢያችን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ መዝዛ ቁጥሯን ጻፈችልኝ። «ወንበሩ እዚህ ይቆያል፤ አንተ በየዶርሙ ስትፈውስ እንዳትዞርብኝ። እህትህ እስከ ዓርብ ራሷ ትደውል። የሚያስፈልጋትን እሷ ትንገረኝ፤ የምችለውን እችላለሁ፣ የማልችለውንም አልችልም እላታለሁ። የምትማርባቸውን ክፍሎች ወደ ምድር ቤት ማውረድ እችላለሁ። ደረጃውን በዚህ ዓመት አልችልም። እሷ ሰምታ ትወስን። ካልደወለች ግን ክፍሉን ለተጠባባቂ እሰጠዋለሁ።»

ስወጣ ጥበቃው ጋሽ ሲጢጥን ከሽንት ቤቱ አውጥቶ ወደ ክፍሉ ሲያስገባ አገኘሁትና እውነቱን ነገርኩት። ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ አደረገና፣ «ቢሆንም ቀሎኛል» አለ።

ቤት ስገባ እነ አባዬ እራት ላይ ናቸው። ቆሜ ነገርኳቸው። አባዬ «የትኛው ደረጃ?» አለ። «ሬጅስትራር ጋ ያለው።» «የትኛው?» «አራት ሰው ተሸክሞ ያወጣኝ።» ጉርሻውን አስቀምጦ ወጣ። ብከተለው ደጃችን ላይ ቆሞ የራሳችንን ደረጃ ያያል። ስንት ዘመን ሙሉ የወጣትን ደረጃ፣ ትናንት የበቀለች ይመስል።

እማዬ ደግሞ፣ እትዬ ቁልፍ «በርታ የኔ ልጅ» ያለችኝ ጋ ስደርስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችውና ተኛች። ተሰንቅሬ የቆየሁበትን ስነግራት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። በቃ፣ አባስኩት አልኩ። እንዳትሄጂ ሌላ ምክንያት በእጄ ሰጠኋት። ሌሊቱን ሙሉ አልጋዬ ላይ እንደ ዓሣ ስገለባበጥ አነጋሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ጠራችኝ።

«አልጋውስ?»

«የቱ አልጋ?»

«የዶርሙ ነዋ! ከወለሉ ምን ያህል ነው ከፍታው? ከወንበሯ ጋር እኩል ካልሆነ ብቻዋን እንዴት አድርጋ ትወጣለች?»

ብቻዋን አለች፣ እታለም። በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። የማገላበጡን ነገር አላነሳችም። ያስፈራታል፣ አሁንም ያስፈራታል፤ ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ሦስቴ ስትስት አይቻለሁ። ግን በሐሳቧ አልጋው ጋ ደርሳለች። እኔ ደግሞ በሩን ለክቼ፣ መስኮቱን ለክቼ፣ የአስተናጋጇን ክርን እንኳ በዓይኔ ለክቼ፣ አልጋውን አልለካሁም!

ስለዚህ ቁጥሩ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ነው። ደውይላት። ደውለሽ እገባለሁ ብትዪ ያንቺ ነው፤ ደውለሽ ዘንድሮ አልመጣም ብትዪም ያንቺ ነው፤ ማንም አይገፋሽም፣ እኔም ጭምር። ስለ እኔ ከጠየቅሽ፣ እንድትሄጂ አልፈልግም። አንቺ ከሌለሽ ማንን አናድዳለሁ? አባዬ አይናደድም፣ እማዬ ትማታለች። ግን ያን ቀን በስልክ «ይቅርብኝ» ስትዪ የነበረውን ድምፅሽን ሁለተኛ መስማት አልፈልግም፤ ከዚያ ብትሄጂ ይሻለኛል።

ሹፌሩ መጣ፣ ያኝካል፣ ይቻኮላል። እንግዲህ በታላቅ ሐዘን ጀምሬ ያስደነገጥኩሽ ከባድ ዜና ሲጠቀለል ይኸው ነው። አንድ በር ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ወደ ውጭ ቢከፈት ይሻላል። የአንድ አልጋ ከፍታም አልታወቀም። ይህን ሁሉ ወረቀት በግሪስ የለቀለቅኩት ለዚህ ነው። እውነቱን ልንገርሽ? እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በአንድ ስልክ የሚያልቅ ነው።

በሐኪም ትእዛዝ የተከለከለው ወንድምሽ፣
ቁንጫ